ከሐምሌ ዶፍ ይልቅ የመጋቢት ካፊያ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መንገድ አደጋ ብዙ የሚወራው ክረምት ሲገባ ነው። ከአቃቂ እስከ ገላንና ዱከም ባለው መንገድ ሞተር ለምንነዳ ሰዎች ግን ይበልጥ የሚያሰጋን አሁን ያለንበት ወቅት ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ።

በጋውን ሙሉ አቧራ፣ የጎማ ብናኝ፣ ከከባድ መኪና የሚንጠባጠብ ዘይትና ናፍጣ አስፋልቱ ላይ ሲጠራቀም ይከርማል። የሐምሌ ዶፍ ቢሆን ጠራርጎ ይወስደው ነበር። የበልግ ካፊያ ግን አቧራውን ከዘይቱ ጋር ለውሶ መንገዱን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጨዋል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በተለይ ክፉ ናቸው። ብዙዎቻችን ደግሞ ሳንበሰብስ እንድረስ ብለን የምንፈጥነው ልክ ያኔ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስልክ ላይ የገባ ትእዛዝ አየት ለማድረግ ከዚያ ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል።

አሸዋውም አለ። ሲኖትራክ ከግንባታ ቦታ ሲወጣ ጎማው የያዘውን ጭቃ አስፋልት ላይ ያራግፋል። ሸራ ያልለበሰ ጭነትም ኩርባ ላይ ይበተናል። እዚያ ላይ የፊት ፍሬን የያዘ ሞተረኛ መውደቁ ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደረስ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። የዜብራው ነጭ ቀለምና የፍሳሽ ብረት ክዳንም ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ።

ማንም የማያነሳው ነገር ደግሞ ጾሙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ብዙውም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ ዕቃ ሲያደርስ የሚውል ወጣት ብዙ ነው። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ጾሙ ይቅር አልልም። ግን ስምንት ሰዓት ላይ ዓይን ይከብዳል፤ እጅም ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ደመናው የሚከማቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። አሠሪዎች ሩቅ የሚሄደውን ዕቃ ጠዋት ቢልኩ ምን ይጎዳቸዋል? ጾመኛው ካፊያ ሲጀምር አንድ ቤት ጥግ ቢጠለልስ ለምን ዘገየህ ተብሎ ይቆጡታል?

የጭነት መኪና ባለቤቶችን አጥብቄ እለምናለሁ፤ አሸዋው ሸራ ይልበስ። የግንባታ ቦታዎችም መውጫው ላይ ጎማ የሚያጥብ ሰው ያቁሙ። አንድ በርሜል ውሃና አንድ አካፋ ይበቃል።

ሞተረኛ ነኝ፣ ከገላን