ምንጣፉ ሥር የቀረው ጨው

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? ሲያትል ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ተጠፋፋን። ስቆጥረው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተደዋወልነው ለፋሲካ ነበር፣ እሱም አምስት ደቂቃ አልሞላም። ስልክ አንስቼ ቁጥርህ ላይ ስደርስ ስንቴ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በአፌ ልነግርህ ያቃተኝ ነገር አለ፣ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ባለፈው ቅዳሜ የቤዝመንቱን ምንጣፍ አነሳነው። ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ ተመልሳለች፣ ክፍሉን ለሷ እያደስኩት ነው። ድሮ የዓሣ ታንካችን የቆመበት ጥግ፣ መስኮቱ ሥር፣ ምንጣፉ አልላቀቅ አለ። በቢላ ፈለቀቅነው። ሲሚንቶው ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል፤ የማስቀመጫው እግሮች ያረፉበትን አራት ቦታ ብቻ ትቶ ዙሪያውን ይዞታል። ልጄ "ሻጋታ ነው አባዬ፣ እንዳትነካው" አለችኝ። እኔ በጥፍሬ ፍቄ ቀመስኩት። ጨው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አንተ ባልዲ ስትገለብጥ የፈሰሰው ይሁን ወይ ስኪመሩ፣ ያ የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ፣ ሌሊት ሞልቶ ያፈሰሰው፣ ብቻ የኛ ጨው ነው። ተንበርክኬ ቀረሁ። ልጅቷ ደነገጠች።

አጀማመራችን ትዝ ይልሃል? እ.ኤ.አ. 1997 ነው። አንተ ታክሲ ትነዳለህ፣ እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ እሠራለሁ። መኪናህ ጋራዥ ገብታ እስክትጨርስ ብለን ጎን ካለው የዓሣ ሱቅ ገባን፣ ለመሞቅ ብቻ። ጨዋማ ውሃ ያለበት ክፍል ስንደርስ ባለህበት ቆምክ። ሰውነቱ ሐምራዊ፣ ጭራው ቢጫ የሆነ ዓሣ ነበር። ቁጢጥ ብለህ ፊትህን መስታወቱ ላይ አስጠጋህና "ስሙን አላውቀውም፣ እሱን ግን አውቀዋለሁ" አልከኝ። ፐርፕል ታንግ ይሉታል። ወረቀቱ ላይ "ቀይ ባሕር" ተብሎ ተጽፏል። በ1983 ዓ.ም. እናትህ እጅህን ይዛ ከአሰብ ካወጣችህ ወዲህ ስለዚያ ባሕር አንድም ቀን አውርተኸኝ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ማታ ግን እስከ ስምንት ሰዓት አወራኸኝ። ውሃው ከጉልበት ሲያልፍ ቀለሙ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ከድንጋዩ ሥር እነዚህ ዓሦች እንዴት ብቅ ጥልቅ እንደሚሉ። እኔ ጎጃም ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ባሕር ያየሁት አሜሪካ መጥቼ ነው። ታንክ እንግዛ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ያን ወሬህን ደግሜ መስማት ፈልጌ ነው።

55 ጋሎን የሚይዝ አሮጌ ታንክ ገዛን። ውሃው ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ፎቅ ላይ አናስቀምጥም ብለን ቤዝመንት አወረድነው። ከዚያ የጨው ባልዲ፣ አንድ ፓምፕ፣ ጠጠር፣ አለቀ። የሱቁ ሰውዬ ሦስት ዳምሰል ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ሰጠንና "ከወር በኋላ ተመለሱ" አለን። ለምን እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ዓሣው አሞኒያ ያወጣል፤ አንደኛው ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውሃው መርዝ ነው። በነዚያ ሦስት ትንንሽ ፍጥረቶች ስቃይ ነው ውሃችንን ያበጀነው፣ ሁለቱ ሞቱ። አሁን ማንም እንደዚያ ማድረግ የለበትም። ቁራጭ ሽሪምፕ ውሃው ውስጥ ጥለህ ሲበሰብስ መጠበቅ ይበቃል። ይቆጨኛል።

ማታ ማታ ከሥራ መጥተን የአሞኒያ መለኪያዋን ቱቦ ስናይ ትዝ ይልሃል? አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ጠብታዎቹ፣ ከዚያ ክዳኗን በአውራ ጣት ይዞ መነቅነቅ። አምፖሉ ሥር ከቀለም ካርዱ ጋር እናስተያያታለን። አንተ ቢጫ ነው ትላለህ፣ እኔ አረንጓዴ ነው እላለሁ። ባለቤቴን ጠርተን ትዳኘናለች።

ደግሞ ያ የጨው ነገር! ጣትህን ነክረህ ቀመስክና "ይሄ ምን ጨው አለው? ይሄ የሾርባ ውሃ ነው" አልክ። እኔ መጽሐፉን አምጥቼ ተከራከርኩህ። መጽሐፉ የውሃው ክብደት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.021 ከሆነ በቂ ነው ይላል። ያ ማለት ግን በሊትር ወደ 28 ግራም ጨው ነው፤ ውቅያኖስ 35 ነው፤ ቀይ ባሕር ወደ ሰሜኑ 40 ይደርሳል፤ አሰብ በኩል ከባብ ኤል መንደብ የሚገባው ውሃ ትንሽ ያቀለዋል እንጂ እዚያም ከ35 በላይ ነው። ምላስህ ልክ ነበር። ተሳስቻለሁ ብዬህ አላውቅም፣ ይኸው አልኩህ።

ስለ አንጀልፊሹም ልንገርህ። ከፊሊፒንስ የመጣው ሰማያዊው። በደንብ ይበላ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ጠዋት ሞቶ አገኘነው። አንተ እኔን ምግብ አበዛህ አልከኝ፣ እኔ አንተን ውሃ ሳትለውጥ ቀረህ አልኩህ፣ ሁለት ቀን ተኮራረፍን። በኋላ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚያ አንዳንድ አጥማጆች ሳያናይድ የሚባል መርዝ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ይጠልቃሉ። ኮራል የሚሉት ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ መሐል ሲረጩት ዓሣው ይደነዝዝና በእጅ ይያዛል። ደህና መስሎ ሱቅ ይደርሳል፣ ይበላል፣ ከሳምንታት በኋላ ይሞታል። ኮራሉም አብሮ ይሞታል። የኛም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። በማናችንም ጥፋት አልነበረም፣ ያ ኩርፊያ በከንቱ ነው።

የባሕሩ ድንጋይ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ። ከፊጂ በአውሮፕላን፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ። ሽታው! በጥርስ ብሩሽ ስንፈትገው አደርን። ላይቭ ሮክ የሚሉት እውነትም ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ባክቴሪያው፣ ትሉ፣ ስፖንጁ ሁሉ አብሮት ይመጣል። ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የጃካርታ ሰው ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1961 ለአሜሪካ መጽሔት ጽፎ ነበር፦ ድንጋይ ከባሕር፣ ትንሽ የአየር አረፋ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ሌላ ምንም። ብዙ ሰው ሳይቀበለው ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። ለኛም ሻጩ ከጠጠሩ ሥር የሚቀበር ፕላስቲክ ፊልተር ነው የሸጠልን። ድንጋዩ ከገባ በኋላ ግን ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠራ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ መጣ። መስታወቱ ሊሰነጠቅ ነው ብለን እንቅልፍ አጣን። ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍነህ ሶፋው ላይ አድረህ ጠበቅከው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀሰቀስከኝ፤ ድምፁ ድንጋዩ ውስጥ ተደብቃ የመጣች ማንቲስ ሽሪምፕ የምትባል የባሕር ፍጥረት ነው፣ ጣት የምታክል፣ ዓይኖቿ ለየብቻ የሚዞሩ። እንዲህ ያለ ደስታ ፊትህ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ሴፕቴምበር 18፣ 2003። ሐሙስ። አንተ ለእናትህ ለቅሶ አዲስ አበባ ሄደሃል። ባለቤቴ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ኢዛቤል የምትባለው አውሎ ነፋስ መጣች፣ ማታ መብራት ድርግም አለ። ፓምፕ የለ፣ ስኪመር የለ። ቀን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ፍለጋ ስዞር ውዬ ነበር፣ ሁሉም ጋ አልቋል። ስለዚህ በጆግ። ከታንኩ እቀዳለሁ፣ ከፍ አድርጌ እመልሳለሁ፣ አየር እንዲገባበት። ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አና ታይን ስለምትባል ሴት አነበብኩ። ለንደን ትኖር ነበር፣ ባሏ የዌስትሚንስተር ካህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ኮራል ከባሕር ዳር በማሰሮ አምጥታ ቤቷ አኖረች። ፓምፕ በሌለበት ዘመን ውሃውን ሠራተኛዋ ክፍት መስኮት አጠገብ ቆማ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር፣ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይ ሦስት ሩብ። ኮራሉ ከሦስት ዓመት በላይ ኖረ። የዚህን ሥራ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ እንግሊዛዊውን የተፈጥሮ ተመራማሪ ጎስን ያነሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን መካነ እንስሳት የተከፈተውን የዓሣ ቤት ያነሳሉ። እኔ ግን ያቺን ሠራተኛ ልጅ ነው የማስበው። ክንዷ ምን ያህል እንደሚዝል አውቃለሁ።

ዓርብ ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ። ጆጉ እጄ ላይ እያለ። ስነቃ ነግቷል። ሐምራዊው ታንግ፣ ያ ሱቅ ያየኸው ዓይነት ዓሣ፣ በጎኑ ተኝቷል፣ ቢጫው ጭራው ብቻ ከጠጠሩ ላይ ይታያል። ይህን ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ ሌላ ነው።

ሁለቱ ክላውንፊሾች፣ አንተ "ባለ ቀበቶዎቹ" የምትላቸው የቀይ ባሕሮቹ፣ አልሞቱም። ውሃው አፍ ላይ ወጥተው አየር እየሳቡ ሰነበቱ። ሰኞ መብራት ሲመጣ ደህና ነበሩ። እኔ ግን ዓይኔ ከዚያ ታንክ ላይ ማረፍ አልቻለም። ሕፃን ሊመጣ ነው፣ ደክሞኛል፣ ላንተ የማወራው ነገር ጨንቆኛል። ማክሰኞ አንድ የሱቅ ሰው ጠርቼ ድንጋዩንም ዓሦቹንም ታንኩንም አስወሰድኩት። የእናትህን አርባ አውጥተህ ስትመለስ ሁሉም አልቀዋል አልኩህ። ባዶው ጥግ ላይ ቆመህ "እግዜር ያመጣው ነው" አልክ። ትንሽ ቆይተህ "ባለ ቀበቶዎቹስ?" ብለህ ጠየቅከኝ።

እነሱም፣ አልኩህ።

ዋሽቼሃለሁ። እናትህን በቀበርክበት ወር፣ ከዚያ ባሕር የቀረህን ሳልጠይቅህ ሰጥቼ። ክላውንፊሽ በታንክ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ይኖራል፣ ታውቃለህ። የኛዎቹ ያን ጊዜ ገና ልጆች ነበሩ። አንተ ከዚህ ከሄድክ በኋላም እነሱ የሆነ ቤት ውስጥ ይዋኙ ነበር ይሆናል። ለዚህ ነው ስልክ ያቃተኝ። ይቅር በለኝ።

ጨውየውን ከሲሚንቶው ላይ አላጠብኩትም። ልጄ ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ "እዚያው ጥግ ላይ ትንሽ ታንክ እናድርግ" አለችኝ። 20 ጋሎን ገዛን። ክላውንፊሽ አሁን እየተፈለፈለ ይሸጣል፣ ከባሕር የሚያወጣው ሰው አያስፈልግም። ውሃው ዛሬ 16 ቀኑ ነው። ናይትራይቱ ገና አልወረደም፤ ትናንት ማታ ልጄ ቱቦዋን አምፖሉ ሥር ይዛ ሐምራዊ ነው አለች፣ እኔ ሮዝ ነው አልኩ። መለኪያዬ ጨውን 35 ይላል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፣ ግን የኔን ምላስ አላምነውም።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ማታ ማታ ቤት ነኝ። እስክትመጣ ዓሣ አላስገባም።

ወንድምህ