ጉዳዩ፦ ሞልቶ ወደነበረው አዋሽ ለጀልባ ጉዞ ስለወሰዳችሁን እና እስካሁን ስላልተመለሰው ገንዘብ

መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዳማ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

መቼ እንደተመዘገብኩ፣ ስንት እንደከፈልኩ፣ ማን ማን እንደነበርን ከመዝገባችሁ ታገኙታላችሁ። የቴሌብር ደረሰኙንም ለጠየቀኝ ሠራተኛ ሁሉ ልኬያለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ትናንት ቢሯችሁ ውስጥ ሰው ፊት የተነገረኝ ነገር ነው፦ «እናቴ፣ ወንዙን እኛ አልሞላነውም!»

እኔ መቼ እናንተ ሞላችሁት አልኩ? ከመስቀል በፊት ደውዬ የውሃውን ሁኔታ ስጠይቅ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ያለችኝን ልድገመው። «የቆቃ ውሃ መለቀቅ አለመለቀቁን ሳንጠይቅ ሰው አንወስድም። ውሃው ከፍ ካለ ከዋዜማው ደውለን እናሳውቃለን፣ ገንዘብዎም ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። እርስዎ ምንም አያስቡ።» እኔም አላሰብኩም። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ደውዬ ልጆቹን ላክልኝ አልኩት።

የጠየቅኩት ለወግ ያህል አልነበረም። ያደግኩት ወንጂ ነው። መስከረም ሲጠባ አዳማ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አደይ ይፈነዳል፤ አዋሽ ግን የእኛን ሰማይ አይቶ አይጎድልም። የሚነሳው ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው። የክረምቱ ውሃ ቆቃ ላይ ይጠራቀማል፣ ግድቡ ጢም ሲል ይለቀቃል። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ ነው። ጠብታ ሳይጥል ወንዝ ሲሞላ ያላየ የወንጂ ልጅ የለም። «የተፈጥሮ ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያሰናብተኝ የሞከረው ሠራተኛችሁ የግድብ በር የሚከፍተው ሰው መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነበር።

እሑድ ከሶደሬ ወረድ ብለን ስንደርስ ዳር ያሉት ሾላዎች ግንዳቸው ውሃ ውስጥ ነው። ጀልባው የሚገፋበት አሸዋ የለም። ዓይናችን እያየ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር እየተገላበጠ አለፈ። ቀዛፊው ልጅ ግን ታዝዞ ነው መሰል ላይፍ ጃኬት ማደል ጀምሮ ነበር። ለስምንት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ የደረሳት የትልቅ ሰው ነው፤ የደረቱ መቆለፊያ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ጃኬቱ ሽቅብ ወጥቶ ፊቷን ሸፈነው። ያውም አዞ ባለበት ወንዝ!

ልጁን ግን አልወቅሰውም። እውነቱን የነገረን እሱ ብቻ ነው። «ከሐሙስ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ለቢሮ ነግረናል» አለ። ከሐሙስ ጀምሮ! በዋዜማው ማለትም ቅዳሜ ማታ ደግሞ በእርግጥ ከቢሯችሁ ተደውሎልኛል፤ የተደወለው ግን ቀሪውን ሂሳብ እንዳስገባ ነበር። አስገባሁም።

ሌላውን ዝም ልል ነበር፤ አሁን ግን አልልም። ሚኒባሱ ፀሐይ ከወጣ ቆይቶ ነው የመጣው። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ጫቱን እየቃመ ስልክ ያወራ ነበር። ምሳ ይካተታል የተባለው ደረቅ ዳቦ በሙዝ ሆኖ ተገኘ። በጀልባው ምትክ «ሶደሬ ይዋኙ» ተባልን፣ መግቢያውን ለሁላችንም ከኪሴ ከፈልኩ። ገንዘቤን ስጠይቅ የጽሕፈት ቤቱ ሰው «ካሸሯ ጋ ነው»፣ ካሸሯ «ማናጀሩ ይፈርም»፣ ማናጀሩ ደግሞ መስክ ነው። በመጨረሻ «ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጎድል በነጻ እንወስዳችኋለን» ተባልኩ። ጥቅምት ላይ ውሃው እንደሚጎድልማ እኔም አውቃለሁ! ልጆቹ ግን አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ናቸው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት የጀልባውን ሂሳብ ብቻ ነበር። ከትናንቱ ንግግር በኋላ ግን ሙሉ ክፍያዬ፣ ከነትራንስፖርቱ፣ እንዲሁም የሶደሬው መግቢያ ተደምሮ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ያ ሠራተኛ በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቀኝ። እነዚያ ጃኬቶችም ሌላ ሕፃን ሳይለብሳቸው ይወገዱ፤ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ፎቶዎቹንና ደረሰኙን ይዤ በግልባጭ ወደተጠቀሱት ቢሮዎች በአካል እሄዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አመልካች (ስሜና ስልኬ መዝገባችሁ ላይ አለ፤ ሂሳብ ለመጠየቅ ሲሆን አላጣችሁትም)

ግልባጭ፦
ለአዳማ ከተማ ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ለአዳማ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት