የምስጋና መልእክት፦ ለሦስቱ ደብተሮች ባለቤትና ለሁላችሁም

ከሁሉ በፊት ለዚህ ላደረሰኝ ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን። ለፊዚክስ ምርምሬና ሴት ተማሪዎችን ወደ ትምህርቱ ለማምጣት ለሠራሁት ሥራ ሽልማቱ ከተሰጠኝ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ እዚሁ እጽፋለሁ። ከነሐሴ እስከ ጥር አልጋ ላይ የቆየሁበትን ጊዜ አብራችሁኝ ስላሳለፋችሁት መልሼ አልተርከውም። ተርፌ ቆሜያለሁ፤ ተመስገን።

መድረክ ላይ መናገር የፈለግሁት ስለ አንድ ሰው ነበር። ጀመርኩና እንባ ቀደመኝ፤ ሳልጨርስ ወረድኩ። እዚህ ልጨርሰው።

የጂፒኤስ መቀበያችን ያለበትን ሕንጻ ሌሊት የሚጠብቁት አባባ ናቸው። «ስሜን እንዳታነሺው» ስላሉኝ አባባ እያልኩ እቀጥላለሁ። መቀበያው ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ቀን ከሌሊት ይመዘግባል። የምድር የመግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር ክፍል፣ የሚናወጥባቸው ሌሊቶች አሉ። ምልክቱ እንደ ኮከብ ይርገበገባል፤ ሲብስም ይቋረጣል። የኔ ጥናት በዚያ መቋረጥ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋም ግን መዝገቡ ይቋረጣል። ሁለቱ አንድ ሌሊት ላይ ሲደራረቡ፣ ከወራት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ለሚያየው ሰው መለየቱ ጭንቅ ነው።

ከመታመሜ በፊት «መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ይጻፉልኝ» ብዬ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ሰጥቻቸው ነበር። ከዚያ የሆነው ሆነ፤ ደብተሩንም ረሳሁት። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ለኛ ሥራ የመኸር ጊዜ ናቸው፤ የሌሊቱ ነውጥ የሚበረታው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ነው። እኔ የተኛሁት ልክ በዚያ ጊዜ ነበር፤ ዓመቱ አለቀብኝ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በጥር መጨረሻ ስመለስ አባባ ከጥበቃ ቤቱ በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት ደብተሮች አወጡልኝ። ሁለቱን በገዛ ገንዘባቸው ነው የገዟቸው። ስከፍተው እንዲህ ይላል፦ «ማታ 3 ከ20 ጠፋ። 4 ከ5 መጣ። ማሽኑን አስነሳሁት።» መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ አይነሳም፤ ቁልፉን መጫን ያስፈልጋል። ይህን አንድ ቀን ስሠራ አይተው ያዙት እንጂ ማንም አላዘዛቸውም። አንዱ ገጽ ላይ የሰም ጠብታ አለ፤ የባትሪያቸው ድንጋይ አልቆ በጧፍ የጻፉበት ሌሊት ነው። «ልጄ፣ አንቺ ስትድኚ ሥራሽ እንዳይጎድል ብዬ ነው» አሉኝ። እኔ መዳኔን በማላውቅበት ወር እርሳቸው መመለሴን እርግጠኛ ሆነው ሰዓት ይጽፉ ነበር። ይህን ስጽፍም እጄ ይንቀጠቀጣል።

የአባባ ማታ 3 ሰዓት በዓለም አቀፉ (በግሪንዊች) አቆጣጠር 18 ሰዓት ነው። ለማታው 15 እየደመርን ሦስቱንም ደብተር ወደ ኮምፒውተር የገለበጥነው ከባለቤቴ ጋር ነው፤ እርሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። የምርምር ጽሑፋችንን የገመገመው ባለሙያ መቋረጡ ከሰማይ ይሁን ከመብራት በምን እንዳወቅን ሲጠይቅ መልሱ እጃችን ላይ ነበር። በታተመው ጽሑፍ መጨረሻ ስማቸው ከነአባታቸው ሰፍሯል። ያንን ገጽ አትሜ ብሰጣቸው አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋን ጆስሊን ቤል በርኔልን ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ተማሪ ሳሉ ከቴሌስኮፑ በሚወጣው ረጅም ወረቀት ላይ ትንሽ ያልተለመደ ጭረት አይተው አላለፉትም፤ ፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምልክት በየቅጽበቱ የሚልክ ኮከብ፣ የተገኘው በዚያ ነው። በ1974 ኖቤሉ ለአማካሪያቸውና ለሌላ ሳይንቲስት ሲሰጥ እርሳቸው አልተካተቱም። በ2018 ሦስት ሚሊዮን ዶላር ሲሸለሙ ግን ሁሉንም በፊዚክስ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ወገኖች ለሚመጡ የዶክትሬት ተማሪዎች ሰጡት። እኔ ያን ያህል ገንዘብ የለኝም። ከደረሰኝ ላይ ግን በየዓመቱ ለሁለት ሴት ተማሪዎች የደብተር፣ የትራንስፖርትና የንጽህና መጠበቂያ ወጪ እንዲሆን መድቤያለሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ «ፊዚክስ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» ያለኝ ሰው ነበረና፣ ያ ቃል ሌላዋን ሲደርሳት ብቻዋን እንዳትሆን ነው።

አባቴ፣ ነፍስህን ይማር። ነፋሱ ሳይነሳ በሌሊት ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነህ ባሕር ዳር ገበያ እያደረስክ ነው ያስተማርከኝ። ውሃ ጠጥታ የከበደችውን ታንኳ ዳር ላይ አቁመህ ስታደርቅ የኔን ደብተር ጉልበትህ ላይ ይዘህ ነበር፤ ማንበብ ሳትችል። እማዬ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ስላንቺ በጽሑፍ አልችልም።

ያከማችሁኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ክፍለ ጊዜዬን ተካፍላችሁ ያስተማራችሁልኝ የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼን እንደ ልጆቻችሁ ያበላችሁልኝ የሽንብጥ ጎረቤቶቼ፣ ዕድርተኞች፣ ጊዮርጊስ ሄዳችሁ የተሳላችሁልኝ ሁሉ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ከልብ ጎድላችሁ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ቡና ይፈላልና ኑ።

አባባ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። አራተኛው ደብተር አሁን በአንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጅ ነው። ትናንት ማታ ሳልፍ አባባ ከጎኗ ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን እያሳዩ «ጠፋ ከማለትሽ በፊት ደቂቃዋን እይ» ይሏት ነበር።