ጠፍጣፋ ዓሣ ሁሉ ሶል አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ከዳር ሆኖ ዓሣ ስለማጥመድ ባለፈው ያወጣችሁት ጽሑፍ ሁለት ነገሮች መታረም አለባቸው። አንደኛው «ዓይኑ በቀኝ ከሆነ ሶል፣ በግራ ከሆነ ተርበት» የሚለው ነው (ሁለቱም፣ ሁለት ዓይኖቻቸው በአንድ ጎን ላይ የሆኑ ጠፍጣፋ ዓሦች ናቸው)። ሁለተኛው ደግሞ «የቻላችሁትን ያህል አርቃችሁ ወርውሩ» የሚለው ምክር።

ዓሣውን ነጩን ጎን ወደ ታች፣ ሆዱን ወደ እናንተ አድርጋችሁ አስተኙት። ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ከዞረ ባለ ቀኝ ዓይን ነው። ነገር ግን ፕሌስ፣ ዳብ፣ ፍላውንደር፣ ሌመን ሶልና ሶል ሁሉም ባለ ቀኝ ናቸው። ተርበት፣ ብሪልና ቶፕኖት ባለ ግራ ናቸው። ፍላውንደር ደግሞ ተገላብጦ ባለ ግራ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይፈርድም፤ ጣት ይጨመርበት። ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ ስትዳብሱት መላ አካሉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ከሆነ ዳብ ነው። ፍላውንደር የሚሻክረው በጎኑ መስመርና በክንፎቹ ሥር ነው፤ ደብዛዛ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ስላለው ብዙ ሰው ፕሌስ ይለዋል። ፕሌስ ግን ለስላሳ ነው፤ ከዓይኖቹ ኋላ በረድፍ የተደረደሩ የአጥንት እብጠቶች አሉት።

ሶል ስሙንም ቅርጹንም ከጫማ ሶል ነው የወሰደው። አፉ ትንሽና ጠማማ፣ ከአፍንጫው ሥር የተደበቀ ነው። ከስንጥቡ ኋላ ባለችው ትንሽ ክንፍ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለች። ነጠብጣቧ ወደ መሐል ገባ ብላ በነጣ ቀለበት ከተከበበች ገልብጡት፤ በነጩ ጎን የአፍንጫው ቀዳዳ እንደ አበባ ከሰፋ ሳንድ ሶል የሚባለው ብርቁ ዘመዱ ነው። ሌመን ሶል ግን ስሙ ነው እንጂ ወገኑ ከፕሌስ ነው።

ተርበት ቅርፊት የለውም። ክብ ሊባል የሚችል ነው፤ ጀርባው ላይ ምስር የተበተነበት ይመስል የአጥንት ጉብታዎች ይዳሰሳሉ። ብሪል ሞላላና ለስላሳ ነው፤ የጀርባ ክንፉ የፊት ዘንጎች እንደ ነጠላ ዘርፍ ተበታትነው ከጭንቅላቱ በላይ ይታያሉ። ሁለቱ አልፎ አልፎ ስለሚዳቀሉ የሁለቱንም ምልክት የያዘ ብታገኙ አትደነቁ። ቶፕኖትን አሸዋ ላይ አትጠብቁት፤ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር በትንሽ መንጠቆ ከአለቱ ሥር ነው የሚፈለገው።

ወደ ውርወራው ስንመጣ፣ ሶል ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት የፈረንጅ ወራት በጨለማ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሜትር ውስጥ ነው የሚበላው። ቼሲል በሚባለው 29 ኪሎ ሜትር የጠጠር ዳርቻ ላይ ቆሞ 100 ሜትር የሚወረውር ሰው ዓሣውን አልፎ ነው የሚያጠምደው። መንጠቆው ግንዱ ረዘም ያለ 4 ወይም 6 ቁጥር ይሁን (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)። የአሸዋ ትል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ስኩበት። መንጠቆውን የሚይዘው ቅርንጫፍ ክር 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ክሩ ነካ ነካ ሲል ወዲያው አትሳቡ፤ አፉ ትንሽ ስለሆነ ባዶ መንጠቆ ነው የሚመጣው። አንድ ሜትር ያህል ክር ልቀቁለትና ጠብቁ።

ለተርበት አሠራሩ ይለያል። ትንንሾቹ ማዕበሉ በሚሰበርበት ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ ይገኛሉ። ከማኬሬል ዓሣ ሆድ ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ አውጥታችሁ 1/0 በሚባለው ተለቅ ያለ መንጠቆ ላይ ስኩ፤ ጫፉ ተሸፍኖ እንዳይቀር። ቁራጩ ተንሸራትቶ መንጠቆው ጉብጠት ላይ ከተጠቀለለ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክሩን ያወሳስባል፤ የላይኛውን ጫፍ በቀጭን ላስቲክ ክር እሰሩት። እርሳሱ (ክሩ ላይ የሚታሰረው ክብደት) አሸዋ የሚቆነጥጥ ሽቦ የሌለው ይሁን፤ ተርበት የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚያይ በየጥቂት ደቂቃው ግማሽ ሜትር ጎተት አድርጉት።

ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር ግን የመሪ ክር፣ ማለትም በዋናው ክር ጫፍ የሚቀጠለው ጠንካራ ክር፣ ጉዳይ ነው። ለእያንዳንዱ 1 አውንስ (28 ግራም) እርሳስ 10 ፓውንድ የሚችል ክር ከፊት ይቀጠላል፤ ለ4 አውንስ ቢያንስ 40 ፓውንድ መሆኑ ነው። በ15 ፓውንድ ክር ብቻ ከተወረወረ ክሩ ይበጠስና እርሳሱ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ ዳርቻው ላይ ደግሞ ልጆች አሉ።

አሸዋው ውስጥ ዊቨር የሚባል ትንሽ ዓሣም ተቀብሮ ይኖራል፤ የመጀመሪያው የጀርባ ክንፉ ጥቁር ነው፣ እሾሁም መርዛም ነው። በእጅ አትያዙት። የተወጋ ሰው በረዶ አያድርግበት፤ ቆዳ በማያቃጥል ግን መቋቋም በሚቻል ሙቅ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይንከር። መተንፈስ ካስቸገረው ወደ ድንገተኛ ጥሪው 999 ይደወል።

እንግሊዝ ውስጥ ለባሕር ዓሣ የዘንግ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ልኬት ግን አለ። ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጫፍ ተለክቶ ሶል ከ24፣ ፕሌስ ከ27 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ወደ ውሃው ይመለሳል።

ሌላ ጊዜ ፎቶ ስታወጡ ዓሣውን በሁለቱም ጎን አንሡልን፤ የስንጥቡ ክንፍም አይቆረጥ። ባለፈው «ሶል» ተብሎ የወጣው ክንፉ ከፎቶው ውጭ ስለቀረ የቱ ሶል እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

አንባቢያችሁ፣ ከእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ