የማሪን ካውንቲ መሬትም ይነገርለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በካሊፎርኒያ ስላለው የማሪን ካውንቲ የባሕር ዳርቻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። መልክዓ ምድሩን ግን በውበቱ ብቻ አለፋችሁት፤ ይህ ቆጭቶኛል።

የፖይንት ሬይስ ልሳነ ምድር ያለው በፓስፊክ ፕሌት (ቀስ እያለ በሚንቀሳቀስ ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ) ላይ ነው። የተቀረው ካውንቲ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ፕሌት ላይ። ድንበራቸው የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ነው። ረጅምና ቀጭን የሆነው የቶማሌስ ባሕረ ሰላጤ የተኛው እዚያው ስንጥቅ ላይ ነው። የፖይንት ሬይስ ግራናይት የተፈጠረው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በስተደቡብ ነው። በሚሊዮኖች ዓመታት ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ተጉዞ እዚህ ደረሰ። ከስንጥቁ ማዶ ያለው አለት ፈጽሞ ሌላ ነው፤ አብዛኛው ከጥንት የውቅያኖስ ወለል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢው በአንዴ እስከ 6 ሜትር ተንሸራቷል። ይገርማል!

ጉዳዩ የእውቀት ብቻ አይደለም። ገደሎቹ ይናዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 አርች ሮክ የተባለው ቦታ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ከፎቶዎቹ ጎን አንድ ማሳሰቢያ ጨምሩ፦ ለፎቶ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ መቆም አደገኛ ነው።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣ ከኦክላንድ