የስኬትቦርድ ገበታም የእንጨት ሥራ ነውና ይመዝገብልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነበር። እኔም ወደ አልጋና ቁምሳጥን ከመግባቴ በፊት እጄን ያፍታታሁት በዚሁ በርጩማ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ የእህቴ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ ጓሮዬ ውስጥ ስለሚሠሩት የስኬትቦርድ ገበታ ነው። ስኬትቦርድ ከሥሩ አራት ጎማ ተገጥሞለት ቆመው የሚነዱት መጫወቻ ነው፤ ገበታው ደግሞ እግር የሚያርፍበት እንጨት ነው። ልጆቹ ተደራጅተው የመሥሪያ ቦታ ለመጠየቅ ወደሚመለከተው ክፍል ሄደው ነበር። «ይሄ መጫወቻ ነው፣ በዝርዝራችን ውስጥ የለም፤ ወንበር ወይም በር ከሠራችሁ እንመዘግባችኋለን» ተብለው ተመለሱ። መልስ የሰጧቸው ሰው በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም፤ ገበታው እንዴት እንደሚሠራ አላዩም። እሳቸውም ሆኑ ሌሎች አንባቢዎች እንዲያውቁት ሥራውን ልናገር።

በየሰፈሩ ልጆች አንድ ወፍራም ጣውላ ቆርጠው ከሥሩ ኩሽኔታ ሲገጥሙለት ሁላችንም አይተናል። ተቀምጠው ቁልቁለት ለመውረድ ይበቃል። ቆመው ሲዘሉበት ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ቡሎን ከገባበት ቀዳዳ ሆኖ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ ይሄዳል። የወጥ ጣውላ ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚተኛ በወርዱ በኩል ጉልበት የለውም። ዋንዛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ደግሞ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በ1986ቱ የደን አዋጅ ተከልክሎ የነበረ ዛፍ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ወፍራሙን ጣውላ ማባከን ያሳዝነኛል።

በውጭ አገር ፋብሪካዎች የሚወጣው ገበታ አብዛኛውን ጊዜ ሜፕል ከሚባል ጠንካራ የውጭ አገር ዛፍ ከተላጡ ሰባት ስስ ንጣፎች ይሠራል። አንዱ ንጣፍ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የአምስቱ ቃጫ በቁመት፣ የሁለቱ በወርድ እንዲተኛ ተደርጎ በኮላ ይጣበቃሉ። ጠቅላላ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ሰው ዘሎ ያርፍበታል።

ሜፕል እኛ ጋ የለም። ልጆቹ ሦስት ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይገዙና ሦስቱን ይደርባሉ። ኮምፔርሳቶ ራሱ ቃጫው ተጠላልፎ የተጣበቀ ስለሆነ ወጥ ጣውላ የሚጎድለውን ጉልበት ይሰጣል። ቅርጹን የሚያወጣው ሞልዱ ነው፤ እሱን የጠረብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ ጫፎች ሽቅብ ይነሣሉ፣ መሐሉ በወርዱ በኩል ትንሽ ይጎደጉዳል። ይህን ጉድጓድ ለማውጣት የተጠቀምኩት አባቴ የበርጩማውን መቀመጫ ያጎደጎደበትን መጥረቢያ ነው። ስሱ ኮምፔርሳቶ ኮላ ከተቀባ በኋላ በሞልዱ ወንድና ሴት፣ ማለትም ተገጣጣሚ በሆኑት ሁለት ክፍሎች መካከል ገብቶ በረጃጅም ቡሎኖች ይጠበቃል። ኮላው ሲደርቅ የታጠፈው እንደታጠፈ ይቀራል። በጋ ላይ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጅማ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት አገር ናት፤ በክረምት ቸኩሎ የፈታው ሰው ገበታው ቀስ በቀስ ሲቃና ያየዋል። ስለዚህ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ሳይሞላው አይነካም። ከዚያ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር በሃያ ሆኖ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ስምንት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ አራቱ ለፊት፣ አራቱ ለኋላ። በየአራቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት በአንድ በኩል 41፣ በሌላው 54 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጎማውን የሚይዘው ብረት አይገጥምም። ለበር ማጠፊያ ሲባል እንዲህ ያለ ልክ የሚጠብቅ አናጢ ስንት አለ?

በገበታው ሆድ ላይ የሚታተመው ሥዕል የእህቴ ልጅ ድርሻ ነው። እሱ በሲልክ ስክሪን ቲሸርትና ባነር እያተመ ነው ራሱን የሚያስተዳድረው። የስክሪኑን ጨርቅ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባዋል፤ ጨለማ ውስጥ ካደረቀው በኋላ በጥቁር ቀለም የተሣለውን ፊልም አጋድሞ ብርሃን ያሳየዋል። ጥቁሩ የከለለው ቦታ ስለማይጠነክር በውኃ ታጥቦ ይወርዳል፤ ቀለም የሚያልፈው በዚያ በተከፈተው በኩል ነው። ቲሸርት ጠፍጣፋ ስለሆነ ይህ ይበቃዋል። የገበታው ሆድ ግን ጎበጥ ያለ ስለሆነ በአራቱም ጎን በእንጨት የተወጠረ ስክሪን መሐሉን ብቻ ይነካና ዳርና ዳሩን ይስታል። ልጁ ጨርቁን በሁለት ጎን ብቻ ወጥሮ በገበታው ጉብታ ላይ እንዲተኛ አደረገው። ቀለሙን የሚጎትትበትን ላስቲክም ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ቀየረ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን አለው፤ ሁለተኛው በአንድ ሚሊ ሜትር ቢስት ሥዕሉ ይደበዝዛል። አሁን የሚያትሙት በጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ነው፣ በቡናማና በአረንጓዴ። አሁን አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ሥዕሉን በፊልም አትመው በሙቀት ይለጥፉታል። በእጅ የታተመው ግን ቀለሙ ወፈር ብሎ በጣት ይዳሰሳል፤ ለእኔ እሱ ይበልጥብኛል።

ጨዋታውን ለሚንቁም አንድ ነገር ልበል። ስኬትቦርድ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የውድድር ዓይነት ሆኗል። አዲስ አበባ በ2008 የራሷን መለማመጃ ሜዳ አግኝታለች። ገበታ ደግሞ ያልቃል፤ የሚነዳበት ልጅ ጫፉን አስፋልት ላይ ሲፈጭ ይከርምና ሌላ ይፈልጋል። ከውጭ የሚያስመጣው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የስኬትቦርድ ገበታ ከእንጨት ሥራ ውጤቶች ተራ፣ ከበርና ከወንበር ጎን ይመዝገብ። ልጆቹ በእንጨት ሥራ ዘርፍ እንደማንኛውም ወጣት ተደራጅተው የመሥሪያ ቦታ ይጠይቁ፤ ሥራቸው ካልበቃ በሥራው ተመዝኖ ይከልከሉ።

ለመመዘን ለሚመጣ ኃላፊ ገበታውን በሁለት በርጩማ ላይ አጋድመን እናቆየዋለን፤ መሐሉ ላይ ቆመው ይሞክሩት። የተሰነጠቀውን ወጥ ጣውላም አጠገቡ አስቀምጠናል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሱቅ አልገኝም፣ በሌላው ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ አለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የእንጨት ሠራተኛ
ጅማ፣ ሄርማታ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል)