ከከንቲባው በፊት ምክር ቤቱ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከተማችን ከማዘጋጃ ቤትነት ወደ ከተማ አስተዳደርነት ልታድግ ነው ከተባለ ወዲህ በየጠላ ቤቱ ሌላ ወሬ የለም። ከንቲባነቱን ለማን እንደሚሰጡ የጨረሱም አሉ። እኔ ዕድሜዬን በማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ክፍል የፈጀሁ ጡረተኛ ነኝና ሹመቱን ለባለ ሹመቶቹ ትቼ ስለ አሠራሩ ልጠይቅ።

ስም መለወጥማ ለጎጃም ብርቅ አይደለም። መንቆረር ደብረ ማርቆስ፣ ወጀት ፍኖተ ሰላም ሆነዋል። የአሁኑ ግን ከስም ያልፋል። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ለወረዳው ተጠሪ ነው። የቦታ ኪራይ፣ የገበያና የቄራ ገንዘብ እኛ እንሰበስባለን፤ ቦይ ለመጥረግ ግን ደብዳቤ ይዘን ወረዳ ደጅ እንጠናለን። (ለአንድ የፈረሰ ድልድይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።) ከተማ አስተዳደር ሲኮን በጀቱን የሚያጸድቀው ነዋሪው የመረጠው የከተማ ምክር ቤት ነው፤ ከንቲባውንም እርሱ ይመርጣል፣ ሲያጠፋም ይጠይቀዋል።

ታዲያ ይህ ምክር ቤት ከየት ይምጣ? በክልላችን የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ክርስትና የተነሣ ልጅ ዛሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ምክር ቤት ሳይመረጥ ከንቲባ ብቻ ቢላክልን፣ የወረዳው ወንበር ወደ እኛ ግቢ ተዛወረ እንጂ ሌላ ምን ተለወጠ?

ከጠላ ቤቱ ወሬ የጠፋው ደግሞ የገበሬው ነገር ነው። ከተማ ሲያድግ ወሰኑ ይሰፋል፤ የሚሰፋውም በጤፍና በበቆሎ ማሳ ላይ ነው። ወሰን ውስጥ የገባ መሬት ከገጠር መሬት ሕግ ወጥቶ በከተማ ሊዝ ሕግ ይተዳደራል። አባቱ ያረሰውን ማሳ ይዞ ያደረ ገበሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት የከተማ ነዋሪ ሆነሃል ሲባል ምን እንደሚቀርለትና ምን እንደሚካስ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ስለዚህ የወሰኑ ካርታ ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው ይለጠፍ፤ በገበያ ቀን ስብሰባ ይጠራ፤ ገበሬውም ይናገር።

አዲሱ ማኅተም ተቀርጾ መምጣቱን ሰምቻለሁ። ካርታውን አየሁ የሚል ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛ
ከምዕራብ ጎጃም